የሲሙሌሽንና የፕሮባቢሊቲ ሞዴል ኮርስ እንዴት ይመረጣል?

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአራት ኪሎው የሳይንስ ካምፓስም ሆነ በአምስት ኪሎው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ተማሪ «ሲሙሌሽን» የሚል ኮርስ ሲያጋጥመው አስቀድሞ ማጣራት ያለበት የትኛው ትምህርት ክፍል እንደሚሰጠው ነው። የስታቲስቲክስ ክፍል ሲሰጠው ክብደቱ ከመረጃ ተነስቶ መገመት ላይ፣ ኢንዱስትሪያል ምህንድስና ሲሰጠው የምርት መስመር ላይ፣ ኤሌክትሪካል ምህንድስና ሲሰጠው ደግሞ የኔትወርክ ትራፊክ ላይ ማረፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ በርዕሱ ሳትወስኑ ሲላበሱን (የኮርሱን ዝርዝር ይዘት የያዘውን ሰነድ) ጠይቁ።

ሲላበሱ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ከኮርሱ በፊት መወሰድ ያለበት ትምህርት ነው። ፕሮባቢሊቲ ያልተማረውን ሁሉ የሚቀበል የሲሙሌሽን ኮርስ ያጠራጥረኛል፤ ሲሙሌሽን በመሠረቱ በዘፈቀደ ቁጥሮች የሚሠራ ግምት በመሆኑ፣ የግምቱን ስሕተት መለካት የማይችል ተማሪ ኮምፒውተሩ ያወጣለትን ቁጥር ከማመን ሌላ ምርጫ የለውም። ሜትሮፖሊስና ኡላም እ.ኤ.አ. በ1949 በጽሑፍ ባስተዋወቁት የሞንቴ ካርሎ ዘዴ፣ ማለትም የዘፈቀደ ሙከራን ደጋግሞ አማካዩን በመውሰድ በሚገመትበት ዘዴ፣ ስሕተቱን ወደ አንድ አሥረኛ ለማውረድ ሙከራውን መቶ እጥፍ ማብዛት ያስፈልጋል። ይህን የማያስረዳ ኮርስ ተማሪውን ፕሮግራሙን ደጋግሞ ከማስኬድ አያሳልፈውም።

ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚሄደውን የታክሲ ሰልፍ ለምሳሌ እንመልከት። በደቂቃ በአማካይ 3 ሰው እየመጣ እያንዳንዱ በአማካይ 20 ደቂቃ ይቆማል ብንል፣ ሁለቱን አባዝተን ሰልፉ ላይ በአማካይ 60 ሰው አለ ማለት ነው፤ ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው ይህ ሕግ ኮምፒውተር አያሻውም። ሚኒባሱ ግን ሰው የሚጭነው አንድ በአንድ ሳይሆን በቡድን ነው፤ ከሥራ መውጫ ሰዓት የሰው አመጣጥ ይበረታል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ታክሲው ራሱ ይጠፋል። ሰዉ ምን ያህል እንደሚጠብቅ በወረቀት ማስላት የሚያስቸግረው፣ ሲሙሌሽንም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ጥሩ ኮርስ ወደዚያ የሚያደርሰው ግን መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅ ሞዴል በኩል ነው። ሰው በፖይሰን ሂደት (አንዱ ከሌላው ሳይያያዝ በዘፈቀደ ጊዜ፣ በቋሚ አማካይ ፍጥነት) በሚመጣበት፣ የአገልግሎቱ ጊዜ ኤክስፖኔንሻል በሆነበት (አጭሩ የሚበዛበት፣ ረጅሙ የሚያንስበት የዘፈቀደ ጊዜ) እና አንድ አገልጋይ ብቻ ባለበት ሞዴል፣ አገልጋዩ ከጊዜው 50 በመቶውን ሲሠራ በአማካይ 1 ሰው፣ 90 በመቶውን ሲሠራ 9 ሰው፣ 95 በመቶውን ሲሠራ 19 ሰው በቦታው ይገኛል። የተማሪው ፕሮግራም በረጅም ጊዜ ወደነዚህ ቁጥሮች ካልቀረበ ኮዱ መታረም አለበት፤ ይህን ሳያረጋግጡ ስለ ታክሲው ሰልፍ ሪፖርት መጻፍ ትርጉም የለውም።

በሲላበሱ ውስጥ የዘፈቀደ ቁጥር አፈጣጠር፣ የውጤት መተማመኛ ክልል (እውነተኛው መልስ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው የቁጥር ወሰን) እና ሞዴሉን ከእውነተኛ መረጃ ጋር ማመሳከር መኖራቸውንም እዩ። የመጀመሪያው ዝርዝር ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአይቢኤም ማሽኖች ላይ በስፋት ያገለገለው ራንዱ የተባለ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ የሚያወጣቸው ቁጥሮች ሦስት ሦስት እየሆኑ በሦስት አቅጣጫ ቦታ ላይ ሲነጠቡ፣ ቦታውን በእኩል ከመሙላት ይልቅ በ15 ጠፍጣፋ ገጾች ላይ ብቻ የሚያርፉ ሆነው ተገኝተዋል።

የሶፍትዌሩ ዓይነት ብዙም አያስጨንቅ፤ የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ፓይተንም አርም ያው ናቸው። ከዚያ ይልቅ ኮርሱን ከወሰዱ የበላይ ተማሪዎች የቀድሞ ፈተናና የፕሮጀክት መመሪያ ለምናችሁ ተመልከቱ። ውጤቱ በምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚጠይቅ ጥያቄ ከሌለው፣ ማርኩ የሚሰጠው ለሚያምር ግራፍ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የስቶካስቲክ ፕሮሰስ (በጊዜ ሂደት በዘፈቀደ የሚለዋወጡ ነገሮች ጥናት) እና የሲሙሌሽን ኮርሶች በሰዓት ከተጋጩ የመጀመሪያውን አስቀድሙ፤ ፕሮግራሚንጉን በክረምት እረፍት በራሳችሁ መለማመድ ትችላላችሁ፣ የማርኮቭ ሰንሰለት (ቀጣዩ ሁኔታ አሁን ባለው ብቻ የሚወሰንበት ሂደት) ማረጋገጫዎችን ግን ያለ መምህር እርማት ማጥናት ይከብዳል። የኮርስ መቀየሪያ ቀኑ ከማለፉ በፊትም ምርጫችሁን ለአማካሪያችሁ አሳይታችሁ አስፈርሙ።