የበሽታን ስም እንዴት እናዳምጥ? በጎጃም ገጠር ለሚሠሩ የጤና ባለሙያዎች

የአንድን ቀበሌ ሰው የጤና አመለካከት ለመረዳት የሚፈልግ ባለሙያ በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ስለ በሽታው ምን ያውቃሉ?» ብሎ ሳይሆን «እዚህ ይህን ሕመም ምን ይሉታል? ከምን መጣ ይላሉ?» ብሎ ነው። መልሱንም ሳያርም፣ በተናጋሪው ቃል ይጻፈው።

ቀጥሎ ተጠያቂ የተደረገው ማን እንደሆነ ይመርምር። «ምች መታኝ» የሚል ሰው ሕመሙ በድንገት ከውጭ ስለ ደረሰበት አያፍርም፤ ዳማ ከሴውንም በግልጽ ይጠይቃል። «ቡዳ በላው» ሲባል ግን ጥፋተኛ ጎረቤት እየተፈለገ ነው፤ ስለዚህ የተጠርጣሪውን ስም መጠየቅም ሆነ መመዝገብ ፈጽሞ አይገባም።

ከሁሉ የሚከብደው ቤተሰቡን በሙሉ ከጋብቻ የሚያስቀረው «በዘራቸው አለ» የሚለው ነው። ይህን ዝሆኔ በሚገኝባቸው እንደ ደብረ ኤልያስና ደምበጫ ባሉ ወረዳዎች በጥሞና ማዳመጥ ያስፈልጋል። ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው ይህ የእግር እብጠት የሚመጣው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ነው፤ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞች በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን ስለሚጎዱ እግሩ ያብጣል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁን እንጂ «ከዘር ጋር አይገናኝም» ብሎ መከራከር ትክክል አይደለም፤ ተጋላጭነቱ በቤተሰብ እንደሚወረስ በጥናት ታውቋል፣ ሰዎቹም የሚናገሩት በዓይናቸው ያዩትን ነው። እኔ የምመርጠው እንዲህ ማለትን ነው፦ «እውነትዎን ነው እማማ፣ በአንድ ቤት ይደጋገማል፤ ነገር ግን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ የተጫማና እግሩን በሳሙና የሚታጠብ ልጅ ከዚህ ሕመም ይጠበቃል።» እንዲህ ሲባል የልጅቱ ጋብቻም የልጁ ጫማም በአንድ ጊዜ መነጋገሪያ ይሆናሉ።

«ቆማጣ» የሚለው ስድብ በማስታወሻ ላይ እንደ ሰው አነጋገር ብቻ ይስፈር፤ ባለሙያው ግን «የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ» ይበል፣ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት እንደሚድንም ይናገር።

ስም የማይጠራለትንም ሕመም ያስተውል። «ያ በሽታ» ተብሎ ድምፅ ዝቅ ሲል ጥያቄውን በሰው ፊት መቀጠል ስለማይገባ፣ ለብቻ የሚነጋገሩበት ጊዜ ይቀጠር። በዚያም ጊዜ «ጠበል ጀምረዋል?» የሚለው ጥያቄ ያለ ተግሣጽ ይቅረብ፤ ጠበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል ያልተነገረው ሕመምተኛ ክኒኑን አቋርጦ ሊሸሽግ ይችላልና።