በሆድ እጥበት ላይ ላለ ሰው አልቡሚን (በደም ውስጥ ያለው ዋና ፕሮቲን) ሲወርድ ቤተሰብ የሚሠራቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ኩላሊት እጥበት ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው ደም የሚያጥበውን ማሽን ነው። በሆዳቸው በገባ ቱቦ ፈሳሽ እያስገቡና እያስወጡ እቤታቸው የሚያጥቡት ጥቂት ናቸው። ስለ ምግባቸው የሚመክራቸው ግን ሞልቷል።

በጣም የሚያናድደኝ ምክር «የኩላሊት በሽተኛ ሥጋና እንቁላል አይነካም» የሚለው ነው። ይህ የሚባለው እጥበት ላልጀመረ ሰው ነው። ያኔ ሐኪሙ ፕሮቲን ቀንስ ማለቱ ልክ ነበር። እጥበት ሲጀመር ነገሩ ይገለበጣል። በሆድ እጥበት በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ግራም ገደማ ፕሮቲን ከፈሳሹ ጋር ወጥቶ ይደፋል። የወጣው መተካት አለበት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ከ60 እስከ 72 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አንድ እንቁላል ያለው 6 ግራም ገደማ ነው፤ እስቲ አስሉት!

አንድ የኮምቦልቻ ቤተሰብ አባታቸውን በሩዝና በአትክልት ብቻ ያኖሯቸው ነበር። ሥጋ ሲጠበስ እንዳያምራቸው ብለው በሩን ይዘጉባቸዋል። የአልቡሚን መጠን ቢያንስ 3.5 ግራም በዴሲ ሊትር መሆን ሲገባው የእሳቸው ከ3 በታች ወርዷል። ማን ከለከላቸው ብዬ ስጠይቅ ልጅየዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከእጥበት በፊት የተሰጠ ነው። ለአባቷ ሳስታ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ጋሼ በረሃብ እየከሱ ነበር። የድሮውን ወረቀት ቅደዱና አዲስ ጠይቁ። የእንቁላል ነጩ፣ ዶሮ፣ የሐይቅ ዓሣ ጥሩ ናቸው። ወተትና አይብ ፎስፈረስ ስለሚበዛባቸው መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ።

ፈሳሹ ሆድ ውስጥ እያለ «ብሉ፣ ብሉ» ማለትም አያዋጣም። ሆድ ተወጥሯል፤ ከፈሳሹ የሚገባው ስኳርም ፍላጎት ይዘጋል። ፈሳሹ ሲወጣ፣ ትንሽ በትንሽ አብሏቸው።

ዓቢይ ጾም ወይም ረመዳን ሳይገባ ከሐኪሙም፣ ከንስሐ አባት ወይም ከሼሁም ጋር ተነጋገሩ።

ሌላው ትልቅ ስህተት አልቡሚን በወረደ ቁጥር ጥፋቱን ሁሉ በምግብ ማላከክ ነው። ሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ ጉበት አልቡሚን ማምረቱን ይቀንሳል። ኢንፌክሽኑ የሆድ ውስጡን ከያዘ ደግሞ በፈሳሹ የሚወጣው ፕሮቲን ይጨምራል። ውሃ በሰውነት ሲጠራቀምም ደሙ ስለሚቀጥን ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዶሮ ከማረዳችሁ በፊት ቱቦው የገባበትን ቦታ እዩ፤ መግል አለው? ጥርሳቸውስ? እግራቸው አብጧል? የወጣው ፈሳሽ ከደፈረሰ ወይም ሆዳቸውን ካመማቸው «ነገ ይጠራ ይሆናል» አይባልም። በዚያው ሰዓት የወጣው ፈሳሽ ያለበትን ከረጢት ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ።

በደም ሥር የሚሰጥ አልቡሚን ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ የምትዞሩ፣ አብሽሩ፣ ተቀመጡ። ውድ ነው፤ መንስኤው ካልታከመ ደግሞ ቁጥሩ ተመልሶ ይወርዳል።

ምግብ አስተካክሎ በሳምንቱ ላብራቶሪ መሮጥም ብር ማባከን ነው። የአልቡሚን ግማሹ እንኳ እስኪተካ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ሐኪሙ በቀጠረው ቀን ይለካ።