ኦስቲን ሂሊ 3000ን ከደብረ ማርቆስ ወደ ዓባይ በረሃ ለማውረድ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 መመረት የጀመረው እንግሊዛዊው ኦስቲን ሂሊ 3000 ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 2,912 ሲሲ የስፖርት መኪና ሲሆን፣ ስሙን የተከለው በተራራ መንገድ ነው። ፓት ሞስና አን ዊዝደም በ1960 ሊዬዥ–ሮም–ሊዬዥ የተባለውን ከባድ ራሊ ወንዶቹን ሁሉ ቀድመው አሸንፈውበታል፤ የሞርሊ ወንድማማቾችም በ1961 እና በ1962 የአልፕስን ራሊ ወስደውበታል። ያም ሆኖ ወደ ዓባይ የሚወርድ ሰው አስቀድሞ ቤንዚንንና አየርን የሚቀላቅለውን ካርቡራተር ማየት አለበት።

ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ በዚህም የተነሳ በእንግሊዝ አገር የተስተካከለ፣ ኤስዩ የተባለው የመኪናው ካርቡራተር ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ የካርቡራተሩን ማንሻ ፒን በጣትዎ ገፋ አድርገው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን አንድ ሚሊ ሜትር በማይሞላ መጠን ከፍ ያድርጉት። የሞተሩ ዙር ጨምሮ በዚያው ከቆየ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ወዲያው ከወረደ ወይም ሞተሩ ከጠፋ አንሷል፤ ለአፍታ ብቻ ጨምሮ ከተመለሰ ልክ ነው። ማስተካከያውን በጥቂት በጥቂቱ እያዞሩ ካርቡራተሮቹን በየተራ ይፈትኗቸው።

እኔ ግን ከልኩ ትንሽ አብዝቶ መተው ይሻላል እላለሁ፤ ምክንያቱም ደብረ ማርቆስ ላይ ልኩን ያገኘ ድብልቅ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ዓባይ ድልድይ ሲደርስ፣ አየሩ ስለሚወፍር፣ ቤንዚን ያንሰዋል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፤ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወጣው ረዥም አቀበት ደግሞ የሚጀምረው ከዚያው ሙቀት ውስጥ ነው።

ቀጥሎ የሚያሳስበው የጭስ ማውጫው ዝቅታ ነው። ከደጀን በታች መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ያጎበጠባቸው ቦታዎች ስላሉ ማርሚታው ሊላጥ፣ ሊገነጠልም ይችላል። በአቢንግደን የነበረው የፋብሪካው የራሊ ክፍል መኪኖቹን ከፍ አድርጎ የጭስ ማውጫውን በጎን ያወጣው በዚሁ ምክንያት ነበር፤ ራውኖ አልቶነንና ቶኒ አምብሮዝ በ1964 የስፓ–ሶፊያ–ሊዬዥን ራሊ ያሸነፉትም እንዲህ በተዘጋጀ መኪና ነው። ይህን ሁሉ ለውጥ የማይፈልግ ባለቤት ቢያንስ የደከመ ባሌስትራ ያስቀይር፣ ጭነትም ይቀንስ።

ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ኦቨርድራይቩን (የሞተሩን ዙር የሚቀንሰውን ተጨማሪ ማርሽ) አጥፍተው ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ያስገቡ። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ቢሆንም እግርን ሳያነሱ መርገጥ ያግለዋል፤ ያረጀ የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚይዝ ሲግል ይፈላል። ከታች ካቆሙ ሞተሩን ከማጥፋትዎ በፊት ጥቂት ደቂቃ በሚኒሞ ያሠሩት፤ ጠፍቶ አልነሳ ካለ ኮፈኑን ከፍተው እስኪበርድ ይጠብቁ፣ የራዲያተሩን ክዳን ግን ትኩስ ሳለ አይክፈቱት።