ስንት ዙር ልሥራ? ብረት ለሚያነሡ ችግርና መፍትሄ

ዙር ማለት ሳታርፉ በተከታታይ የምታነሡት ነው፤ በውስጡ እያንዳንዱ ማንሣት ድግግሞሽ ይባላል። ዙር ከመጨመራችሁ በፊት አቆጣጠሩን አስተካክሉ። የሚቆጠረው በሳምንት ለአንድ ጡንቻ የተሠራው ከባድ ዙር ነው፤ ከባድ የሚባለው ስታቆሙ ልትጨምሩ የምትችሉት ቢበዛ 3 ድግግሞሽ ብቻ ሲቀራችሁ ነው። ማሟሟቂያ አይቆጠርም። ለጀማሪ ከ6 እስከ 10 ይበቃል፤ ዓመትና ከዚያ በላይ የሠራ ከ10 እስከ 20 ባለው ውስጥ ልኩን ያገኛል።

ክብደቱ ለአንድ ወር አልጨመረም
የመጨረሻውን ዙር ፈትሹ። 10 ድግግሞሽ ላይ ያቆማችሁት አቅቷችሁ ነው ወይስ 10 ስለተባለ? ሌላ 5 ከቻላችሁ የጎደለው ክብደት እንጂ ዙር አይደለም። 2.5 ኪሎ ጨምሩ። ጂሙ ባለ 1.25 ኪሎ ዲስክ ከሌለው ትንሹ ጭማሪ በየጎኑ 2.5፣ በድምሩ 5 ኪሎ ስለሚሆን፣ መጀመሪያ ድግግሞሹን ከ8 ወደ 12 አድርሱ፤ ከዚያ 5 ኪሎ ጨምራችሁ ወደ 8 ተመለሱ። ዙሩ በእውነት ከባድ ከሆነና በነጋታው ሰውነታችሁ ካልከበዳችሁ ግን በሳምንት 2 ዙር ጨምሩና 3 ሳምንት ተከታተሉ። በአንዴ 6 መጨመር ልካችሁን እንዳታውቁት ያደርጋል።

በ60 ኪሎ ቤንች (ተጋድሞ ብረት ከደረት ወደ ላይ መግፋት) ድግግሞሹ በየዙሩ 10፣ 6፣ 3 እያለ ይወርዳል
እረፍት አንሷል። መሀል ከተማ ከሥራ መውጫ በኋላ ቤንቹ ወረፋ ስላለው ሰው ይቸኩላል፤ ደረቱ ሳይደክም ትንፋሹ ያልቃል። ለቤንችና ለስኳት (ብረት ትከሻ ላይ ይዞ ቁጭ ብድግ) በዙሮች መካከል ከ2 እስከ 3 ደቂቃ እረፉ። ከሚጠብቀው ሰው ጋር ተራ በተራ ሥሩ፤ እሱ አንሥቶ ዲስክ እስክትቀያይሩ 2 ደቂቃው ይሞላል። ከቆላ የመጣ ሰው አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኗን አይርሳ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ደቂቃ ይጨምር። ጊዜ ካጠረ 5 የጥድፊያ ዙር ከመሥራት 3 በደንብ ያረፋችሁበት ይሻላል።

ከሥራ በኋላ የጡንቻ ሕመሙ ከ3 ቀን በላይ ይቆያል
ብዙ ጊዜ የሳምንቱ የደረት ዙር በሙሉ ሰኞ ላይ ተቆልሎ ነው። 12 ዙር ከሆነ ሰኞ 6፣ ሐሙስ 6 አድርጉት። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ከሆነ የዙር ጉዳይ አይደለም፤ እንቅስቃሴውን አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ።

ስኳት ብቻ ወደ ኋላ ቀረ
ጠዋት መስቀል አደባባይ ደረጃ የምትሮጡ ከሆነ ማታ የምታነሡት በደከመ እግር ነው። ሩጫውን ወደ ሌላ ቀን አዙሩ፤ ካልሆነ የእግር ዙር 2 ቀንሱ።

ጾም ሲገባ ጉልበት ከዳ
የምታነሡትን ክብደት አትቀንሱ፤ የሚቀነሰው ዙሩ ነው። ያለውን ለማቆየት ከሚገነባው ያነሰ ስለሚበቃ 12 የነበረው 6 ይሁን። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሥራ፤ ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ከማዕዱ አይጥፋ። ከፋሲካ በኋላ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ዙር እየጨመራችሁ መልሱ።