ድመት ፀጉር ስታስመልስ ምን ይደረግ? ከማበጠሪያው እስከ ገብስ ቡቃያው

ድመት ነቅታ ከምታሳልፈው ጊዜ ብዙ ሰዓት የምታውለው ራሷን በመላስ ነው። ምላሷ ላይ ወደ ጉሮሮ ያጋደሉ እሾክ መሰል ቅንጣቶች አሉ። የረገፈውን ፀጉር እነሱ ይይዙታል፤ የያዙትን መትፋት ስለማትችል ትውጠዋለች። አብዛኛው ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣል። ጨጓራዋ ውስጥ የቀረው ግን እየተጠላለፈ ይጠቀለልና አንድ ቀን ምንጣፍ ላይ ይገኛል።

አልፎ አልፎ ቢሆን የሚያስደነግጥ አይደለም። በወር ከአንድ ወይም ከሁለት ጊዜ በላይ ሲደጋገም ግን ምክንያቱን መፈለግ ያስፈልጋል፤ ወይ ከልክ በላይ እየላሰች ነው፣ ወይ ሆዷ የዋጠችውን ወደ ታች እየገፋ አይደለም። ወደ መድኃኒት ከመሮጥ በፊት የድመቷን ኑሮ ሙሉውን ማየት ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ፦ የወጣውን ሳይጠርጉ ይመልከቱ

ሰው ሁሉ የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። የፀጉር ጥቅል በምግብ ቧንቧው ተጨምቆ ስለሚያልፍ ረዘም ያለ የጣት ቅርጽ አለው። በዝልግልግ ፈሳሽ የራሰ ስለሆነ ብዙዎች ዓይነ ምድር ይመስላቸዋል። በስንጥር ገለጥ ሲያደርጉት ፀጉሩ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይታያል።

ከበላች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ምግቡ ሳይፈጭ፣ ያለ ብዙ ትግል ከወጣ ጉዳዩ ከፀጉር ጋር ላይገናኝ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ቸኩላ በልታ ነው። እንደ ፓስታ የረዘመና የነጣ ነገር ካዩ ወስፋት ነው። የትል መድኃኒት የሚታዘዘው በክብደቷ ልክ ስለሆነ የሰው ክኒን እየገመሱ አይስጧት።

ምንም ሳይወጣ የሚቀርበት ጊዜም አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ድመቷ መሬት ላይ ዝቅ ብላ፣ አንገቷን ወደ ፊት ዘርግታ፣ ደረቅ ድምፅ እያሰማች ቆይታ ምንም ሳታስመልስ ከተነሳች፣ ያ ሳል ሊሆን ይችላል። ድመትም እንደ ሰው አስም ይይዛታል፤ የዕጣንና የከሰል ጭስ ደግሞ ያባብስባታል። የምታስመልስ ድመት በሆዷ ትለያለች፤ ጎንና ጎኗ በኃይል ሲኮማተርና ሲለቀቅ በግልጽ ይታያል። ካልለየልዎት በስልክዎ ቪዲዮ ይቅረጹት። ሐኪም ፊት ስትቀርብ አታደርገውምና ቪዲዮው ብዙ ነገር ይፈታል።

ማበጠር፦ ሥራው ያለው እዚህ ነው

እርስዎ በማበጠሪያ ያነሱትን ፀጉር ድመቷ አትውጠውም። አጭር ፀጉር ላላት የአገራችን ድመት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ፣ እንደ ፐርሺያን ላለች ባለ ረጅም ፀጉር ደግሞ በየቀኑ ያስፈልጋል። ለአጭሩ የላስቲክ ብሩሽ፣ ለረጅሙ ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ ይበቃል። ፀጉር ያራግፋሉ እየተባሉ በውድ የሚሸጡትን ስለት ያላቸውን መሣሪያዎች አልወዳቸውም፤ ጤነኛውን ፀጉር ይቆርጣሉ፣ ቆዳም ይፍቃሉ።

በጉንጯና በአገጯ ይጀምሩ፤ እዚያ መታከክ ስለምትወድ ማበጠሪያውን ትለምደዋለች። ከዚያ በፀጉሩ አቅጣጫ ወደ ጀርባዋ ይውረዱ፤ ሆዷና የኋላ እግሯ የመጨረሻ ናቸው። ጭራዋን በቁጣ ማወዛወዝ ከመጀመሯ በፊት ያቁሙ፤ በየጊዜው ለሁለት ደቂቃ ማበጠር በሳምንት አንድ ቀን ታግሎ ከመያዝ ይሻላል። የተቋጠረ ፀጉር ካገኙ በመቀስ አይቁረጡ። የድመት ቆዳ ስስ ነው፤ ቋጠሮውን ሲስቡት አብሮ ይነሳል፣ መቀሱም ቆዳውን ይዞ ይቆርጣል። በጣት ቀስ እያሉ ይፍቱት፤ እምቢ ካለ ሐኪም ይላጨው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ማበጠሪያው የሚነቅለው ብዙ ፀጉር ጥርሱ ላይ አይቀርም፤ ተላቅቆ ገላዋ ላይ ይቀመጣል። ድመቷ ከጭንዎ ወርዳ የመጀመሪያ ሥራዋ ራሷን መላስ ነው፤ ያንን ሁሉ ትውጠዋለች። ስለዚህ አበጥረው ሲጨርሱ በውሃ ረጥቦ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ይጥረጓት። ጨርቁን ገልብጠው ቢያዩት ለምን እንዳልኩ ይገባዎታል።

በዚያው ቆዳዋን ይፈትሹ። በፀጉሯ ሥር እንደ ቁንዶ በርበሬ ዱቄት ያለ ጥቁር ብናኝ ካለ እርጥብ ነጭ ሶፍት ላይ ያራግፉት። ዙሪያው ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ የራሷ ደም ነው። ቁንጫ ያስቸገራት ድመት ያለ ማቋረጥ ትልሳለች። ለውሻ የተሠራ የቁንጫ መድኃኒት ግን አያድርጉባት፤ በብዙዎቹ ውስጥ ያለው ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል። አዲስ ሰው፣ አዲስ ድመት ወይም ጫጫታ ያስጨነቃትም ከልክ በላይ ልትልስ ስለምትችል ከፍ ያለና ጸጥ ያለ ማረፊያ ያዘጋጁላት።

ሳህኗ

ድመት በተፈጥሮዋ ውሃ ብዙ አትጠጣም። ሰፊ ጎድጓዳ ሳህን ከምግቧም ከመጸዳጃዋም ራቅ አድርገው ያስቀምጡላት፤ ደረቅ ምግቧን ለብ ባለ ውሃ ያርሱላት። ጨውና ሽንኩርት ያልነካው የሥጋ መረቅም ጥሩ ነው።

የተረፈ ወጥ ግን አይስጧት። ቀይ ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት፣ ቢበስልም ጭምር፣ የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ያፈርሳል። ወጣችን ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። ከሥጋው ልትሰጧት ካሰቡ ድስት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለብቻው ቀቅለው ያስቀሩላት።

ቸኩላ የምትበላ ከሆነ ምግቡን አሳንሰው ሦስት አራት ጊዜ ይስጧት፣ ሰፊ ትሪ ላይም ይበትኑት። ከሌላ ድመት ጋር የምትሻማ ከሆነ ሳህናቸውን ይለዩ። ሆዷ ለደረቀ ድመት ምንም ያልገባበት የተቀቀለ ዱባ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ከምግቧ ጋር ይደባለቅላት።

ገብስ ደግሞ በየቤቱ አለ። አንድ እፍኝ ሌሊቱን ዘፍዝፈው፣ አፈር ባለበት ጣሳ ዘርተው እርጥበቱን ይጠብቁለት። ቡቃያው ጣት ሲያክል ጣሳውን ፊቷ ያስቀምጡላት። በልታ ብታስመልስ አይደንግጡ፤ ሣር የሚበሉ ድመቶች አንዳንዴ ያስመልሳሉ። ለቡና ከሚጎዘጎዘው ቄጤማ ግን ይከልክሏት፤ የታጨደበት ቦታ ኬሚካል ይኑረው አይኑረው አይታወቅም።

የማይደረጉ

ቅቤ ማላስ የተለመደ ነው፤ አንጀት እንደ ማንኛውም ምግብ ስለሚፈጨው ፀጉሩን አያንሸራትትም፣ ሆዷን ግን ያስቀምጣታል። ዘይት በስሪንጅ መጋት የባሰ ነው፤ ወደ ሳንባዋ ከገባ የሳንባ ምች ያመጣል። የተፈጥሮ ነው ተብሎ የሚሸጥ የዕፅዋት ዘይትም ሊመርዛት ይችላል። ፓራሲታሞል አንድ ክኒን እንኳ ይገድላል። የአበባ ማስቀመጫዎ ውስጥ ሊሊ ካለ ከቤት ያውጡት፤ ኩላሊቷን ያጠፋል።

ክር በጣም ይፈራል። ጥጥ በሚፈተልበት ወይም ልብስ በሚሰፋበት ቤት ድመት በፈትል ትጫወትና ትውጠዋለች። ከአፏ ወይም ከኋላዋ ተንጠልጥሎ ካዩት በፍጹም አይጎትቱ፤ ሌላው ጫፉ ተይዞ ከሆነ አንጀቷን ይሰነጥቃል። እንዳለ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷት።

ሐኪም ዘንድ መቼ?

ደጋግማ ታግላ ምንም ካላወጣች፣ አንድ ሙሉ ቀን ምግብ ካልቀመሰች፣ ሆዷ ከተነፋ፣ ዓይነ ምድር ካቆመች ወይም ትውከቷ ውስጥ ደም ካለ ቀን አይቁጠሩ። «ሆዷ ይረፍ» ብሎ ማስራብ ለድመት አይሆንም፤ ሁለት ሦስት ቀን ሳትበላ ከቆየች፣ በተለይ ወፍራም ከሆነች፣ ጉበቷ በስብ ይጎዳል። ያልተከተበች ግልገል ስታስመልስ በዚያው ቀን፣ ክብደት እየቀነሰች የምታስመልስ አሮጊት ድመት ደግሞ ለኩላሊትና ለታይሮይድ ዕጢ ምርመራ ትወሰድ። ሲሄዱ የቀረጹትን ቪዲዮ፣ በፕላስቲክ ከረጢት የያዙትን ትውከትና ከትናንት ጀምሮ የበላችውን የጻፉበትን ወረቀት ይያዙ።