የእሳት በር ሳይዘጋ ሲቀር፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ፣ በአንድ ባለ 19 ፎቅ መኖሪያ ሕንጻ ውስጥ ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ የተነሳ እሳት ከተነሳበት ቤትና ከፊቱ ካለው መተላለፊያ ብዙም አልራቀም። ጭሱ ግን ራሳቸውን መዝጋት ሲገባቸው ክፍት በቀሩ በሮች አልፎ ደረጃውን ሞላው። 17 ሰዎች ሞቱ፤ ስምንቱ ሕጻናት ነበሩ። እሳትና ጭስ እንዳያልፍ ራሱን የሚዘጋ እንዲህ ያለ በር የእሳት በር ይባላል። ስለዚህ፣ ሕንጻ የሚጠብቅ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ መፈተን ያለበት የበሩን ውፍረት ሳይሆን መዘጋቱን ነው። በሩን ገርበብ አድርገው ይልቀቁት፤ ቀጥሎ በሰፊው ከፍተው ይልቀቁት። ሁለቱንም ጊዜ ያለ ሰው እጅ ተመልሶ የቁልፉ ምላስ ቀጭ ብሎ መግባት አለበት።

በሩ መንገድ ላይ ይቆማል ወይም ምላሱ አይገባም

መጀመሪያ ከላይ ያለውን መላሽ፣ ክሎዘር የምንለውን ይመልከቱ። በላዩ ካሉት ትናንሽ ቪቶች አንዱ የመመለሻውን ፍጥነት፣ ሌላው የመጨረሻዋን ግፊት ይቆጣጠራል። ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ይሞክሩ፤ ጨርሶ ከተፈታ ዘይቱ ይወጣል። በሳንቃው ላይ የወረደ ዘይት ካዩ ማስተካከሉ ከንቱ ድካም ነው፤ ክሎዘሩ ይቀየር።

ክሎዘሩ ጤነኛ ከሆነ ወደ ማጠፊያዎቹ ይሂዱ። ከላይ ያለው ክፍተት በአንድ ወገን ጠብቦ በሌላው ከሰፋ፣ ወይም የሳንቃው ጥግ ወለሉን ከፋቀ፣ ቪት ላልቷል ወይም ጎድሏል። የጎደለው በልኩ ይተካ፣ የላላው ይጥበቅ። አናጺው መላጊያ ይዞ ከመጣ እባክዎ ያስቁሙት። በሩ 30 ወይም 60 ደቂቃ ይቋቋማል የተባለው ከመቃኑ፣ ከማጠፊያውና ከቁልፉ ጋር ተፈትኖ ነው፤ የተላገ ሳንቃ ያ በር አይደለም።

በመቃኑና በሳንቃው መካከል ብርሃን ይታያል

በጎንና በላይ ያለው ክፍተት 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። በጠርዙ ውስጥ የተቀበረው ቀጭን ጥብጣብ ሙቀት ሲያገኘው አብጦ ክፍተቱን ይደፍናል፤ ቀዝቃዛውን ጭስ የሚያግደው ግን በጠርዙ ላይ ያለው ጎማ ወይም ብሩሽ ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። የተቀደደ ወይም ቀለም የተለቀለቀ ጎማ በዓይነቱ ይቀየር።

በሩ በድንጋይ ወይም በሽብልቅ ተደግፎ ይውላል

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ በሩ ምንም ሳይበላሽ እንደሌለ ይቆጠራልና። ሰዎቹን መቆጣት ብዙም አይጠቅምም፤ ዕቃ ሲያመላልሱ በሩ ስለሚያስቸግራቸው ነው የሚደግፉት። መተላለፊያው ሥራ የሚበዛበት ከሆነ ከእሳት ማስጠንቀቂያው ጋር የተያያዘ ማግኔት ያስገጥሙ፤ ደወሉ ሲጮህ በሩን ይለቀዋል።

ሳንቃው ተበስቷል፣ መስታወቱ ተቀይሯል

ለኬብል የተበሳ ቀዳዳ በተራ ስቱኮ አይደፈንም፤ ተራ መስታወትም በሙቀት ተሰንጥቆ ይረግፋል። እንዲህ ያለውን በር የእሳት በር የሚያውቅ ባለሙያ አይቶ ይጠገናል ወይም ይቀየራል ይበል።