ሽበትን መቀባትና መተው፦ ከመወሰንዎ በፊትና ከወሰኑ በኋላ

ፀጉር መቀባት የሚቀለው በመጀመሪያው ቀን ነው። ያን ዕለት ፀጉሩ ከሥሩ እስከ ጫፉ አንድ ወጥ ይሆናል፤ መስታወት ፊት መቆምም ደስ ይላል። ጣጣው የሚመጣው ከሦስትና ከአራት ሳምንት በኋላ ነው። ፀጉር በወር በአማካይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያድግ፣ በሚከፈልበት መስመር ላይ ቀጭን ነጭ ክር ብቅ ይላል፤ ሽበቱ ብዙ፣ የተቀባው ቀለምም ድፍን ጥቁር ከሆነ ደግሞ ክሩ ከክፍሉ ማዶ ሳይቀር ይታያል። ስለዚህ ሽበትዎን ለመቀባት ወይም ለመተው ሲያስቡ «የትኛው ያምርብኛል?» ከሚለው ጥያቄ አስቀድመው «ለሚመጡት ዓመታት በየአምስት ሳምንቱ ይህን ለመድገም አቅሙና ትዕግሥቱ አለኝ?» የሚለውን ቢመልሱ ይሻላል። እኔ ይህን ሳልጠይቅ ከሃያ ዓመት በላይ ስቀባ ኖሬአለሁ፤ ያቆምኩትም ተገድጄ ነው፤ ወደ ታሪኩ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ዛሬ ሽበትን መተው እንደ ድፍረት፣ መቀባት ደግሞ ዕድሜን እንደ መካድ ሲቆጠር እሰማለሁ። በወጣትነቴ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ሽበቷን ያልሸፈነች ሴት ራሷን እንደ ጣለች ትታይ ነበር። ሁለቱም የሌላ ሰው አስተያየቶች ናቸው፤ የሚታጠበው፣ የሚበጠረውና የሚያሳክከው ራስ ግን የእርስዎ ነው።

አስቀድሞ ያለውን ማየት

ለፀጉር ቀለም የሚሰጠው በሥሩ ውስጥ ባሉ ሴሎች የሚመረተው ሜላኒን ነው። እነዚህ ሴሎች ከዕድሜ ጋር ሲመናመኑ አዲስ የሚበቅለው ፀጉር ቀለም ሳይዝ ይወጣል። ግራጫ የሚመስለን አብዛኛውን ጊዜ ነጩና ጥቁሩ ተቀላቅለው ሲታዩ ነው። አንዱን ሽበት መንቀል ሁለት ያበቅላል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ሆኖም በተደጋጋሚ መንቀል የፀጉሩን ሥር ስለሚጎዳ፣ በዕድሜ እየሳሳ ለሚሄድ ፀጉር የማይመከር ልማድ ነው።

ከመወሰንዎ በፊት በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ይቁሙ፤ በአንድ መስታወት ፊትዎን፣ በእጅ በሚያዝ ሌላ መስታወት ደግሞ ማጅራትዎን ይመልከቱ። ሽበት ብዙ ጊዜ ከጆሮ ግንድ በላይ ካለው የፀጉር ዳር ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ መሐል አናት ይሄዳል፤ ማጅራት ላይ የሚደርሰው መጨረሻ ነው። ፊት ለፊት ሲታዩ ሙሉ በሙሉ የሸበቱ የሚመስሉ ሴቶች ከኋላ ገና ጥቁር ሆነው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ለዓመታት ሲቀባ የኖረ ሰው ይህን አያውቀውም፤ እኔም ፀጉሬ ሙሉ በሙሉ ነጭ ይሆናል ብዬ ስጠብቅ፣ ከፊት እንደ ጥጥ ነጭ፣ ከኋላ ግን ቀለም የነካው የማይመስል ጥቁር ሆኖ አገኘሁት።

እንደ ግምት ለመያዝ ያህል፣ ነጩ ከሩብ በታች ከሆነ ጠንካራ ቀለም ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ ከግማሽ በላይ ከሆነ ደግሞ በየወሩ የሚወጣው መስመር ጎልቶ ስለሚታይ፣ ለመቀባትም ለመተውም የሚደረገው ውሳኔ ከበድ ያለ ዝግጅት ይፈልጋል።

ለመቀባት ከወሰኑ

የፀጉር ቀለሞች በቆይታቸው ይለያያሉ። በጥቂት እጥበት የሚለቀው ቀለም በፀጉሩ ላይ ተለጥፎ የሚቀር እንጂ ወደ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ አይደለም፤ ሽበቱን ቀለም ያሲዘዋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አይሸፍነውም፤ ሲለቅም ቀስ እያለ ስለሆነ ሹል መስመር አይተውም። መካከለኛው ዓይነት ቀለሙን የሚያነቃው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ የሚባል ኬሚካል በአነስተኛ መጠን ስላለው ሃያ እጥበት ገደማ ይቆያል። ዘላቂው ቀለም በአሞኒያ ወይም በሌላ መሰል ኬሚካል አማካይነት የፀጉሩን የውጭ ቅርፊት ካላላ በኋላ በውስጡ ስለሚፈጠር፣ በእጥበት አይወጣም፤ ሽበትን በሚገባ ለመሸፈንም ብዙውን ጊዜ 6 በመቶ ፐሮክሳይድ ያለው ድብልቅ ያስፈልገዋል። ምክሬ ከቀላሉ መጀመር ነው፤ ከቀላሉ ወደ ጠንካራው መሄድ በማንኛውም ቀን ይቻላል፤ ከጠንካራው መመለስ ግን ወራት ይፈጃል።

ቀለም ሲመርጡ በሠላሳ ዓመትዎ የነበረዎትን ጥቁር አይፈልጉ። የፊት ቆዳ ከዕድሜ ጋር ስለሚለወጥ፣ ያ ጥቁር ዛሬ ፊትን አድክሞ ያሳያል። ከቀድሞው የተፈጥሮ ቀለምዎ አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ፈዘዝ ያለ፣ ለምሳሌ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሁለት ጥቅም አለው፦ ፊቱን ያለሰልሳል፤ የሚወጣውም ነጭ መስመር ለተጨማሪ አንድ ሁለት ሳምንት ሳይጎላ ይቆያል።

ሂና የሚመርጡ ሴቶች አንድ ነገር ሊያውቁ ይገባል። ንጹሕ ሂና ነጭ ፀጉርን ወደ ብርቱካናማ ወይም ቀላ ወዳለ ቀለም ይለውጠዋል እንጂ አያጠቁረውም፤ ብቻውን ፀጉርን ጥቁር የሚያደርግ «ሂና» ከተሸጠልዎ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል። አንዳንዱ ድብልቅ የብረት ጨዎች ስላሉበት፣ በኋላ ፐሮክሳይድ ያለው ቀለም ሲጨመርበት ፀጉሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ስለዚህ ሂና ተጠቅመው ከነበረ ለፀጉር ሠሪዋ ሳትጠይቅዎት ይንገሯት።

አሁን ወደ ተገደድኩበት ታሪክ ልመለስ። ከሃያ ዓመት በላይ በአንድ ዓይነት ቀለም፣ ያለ ምንም ችግር ስቀባ ኖርኩ። አንድ ቀን እንደ ወትሮው ፀጉር ቤት ተቀብቼ ወጣሁ፤ ማታ የጆሮዬ ጫፍና ማጅራቴ ያሳክኩኝ ጀመር፤ በማግሥቱ ጠዋት ዓይኔን ለመግለጥ ብሞክር የዓይኔ ቆብ አብጦ አልገለጥ አለኝ። ለቀቢዋ ስነግራት «ለሃያ ዓመት ያልጎዳ ዛሬ አይጎዳም» አለችኝ፤ እኔም እስከዚያ ቀን ድረስ የማምነው ይህንኑ ነበር። ስሕተት ነው። በአብዛኞቹ ጥቁር ዘላቂ ቀለሞች ውስጥ ፓራፌኒሊንዳያሚን ወይም በአጭሩ ፒፒዲ የሚባል ኬሚካል አለ፤ ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ለፀጉር ቀለምነት ሲያገለግል የኖረ ነው። አለርጂ ደግሞ የሚመጣው በተደጋጋሚ በመነካካት ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ መቀባት ራሱ ሰውነትን ለአለርጂ ያዘጋጀዋል። አንድ ጊዜ ከያዘ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይቆያል፤ ቀጣዩም ከፊተኛው ሊብስ ይችላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ራስ ላይ በሚደርሰው ድብልቅ ውስጥ የፒፒዲ መጠን ከ2 በመቶ እንዳይበልጥ የሚገድበው ያለ ምክንያት አይደለም።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ጊዜ፣ ቀለሙ የለመዱት ቢሆንም እንኳ፣ ከመቀባትዎ 48 ሰዓት አስቀድመው ሙከራ ያድርጉ። በካርቶኑ ውስጥ ባለው መመሪያ መሠረት ጥቂት ጠብታ ከጆሮዎ ጀርባ ወይም ከክርንዎ መታጠፊያ በውስጥ በኩል ይቀቡና ይጠብቁ። መቅላት፣ ማሳከክ ወይም ውኃ መቋጠር ከታየ ቀለሙን ይተዉት። ከዚህ ቀደም ፊትዎ ወይም የዓይንዎ ቆብ ያበጠብዎት ከሆነ ግን በራስዎ አይሞክሩ፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሄደው ይመርመሩ። ማበጡ ወደ ከንፈርና ወደ ምላስ ከተሻገረ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሴቶች ስለ ካንሰር ይጠይቃሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ግምገማ፣ ቀለም በሙያው ዘወትር ለሚነካው ፀጉር ሠሪ ሥራው ካንሰር የማምጣት ዕድል ያለው ነው ሲል፣ ለራሱ የሚቀባውን ሰው በተመለከተ ግን ያለው ማስረጃ ለመመደብ እንደማይበቃ አስቀምጧል። ይህ ፈጽሞ አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ዜናም አይደለም። ጓንት ማድረግ፣ መስኮት መክፈት፣ ቀለሙን ከተጻፈው ደቂቃ በላይ አለማቆየትና በሚገባ አጥቦ ማውጣት ከማንኛውም ሰው የሚጠበቅ ጥንቃቄ ነው።

ቤት ውስጥ የሚቀቡ ከሆነ በዚያው ቀን ራስዎን አይታጠቡ፤ የራስ ቆዳ ወዝ በመጠኑ ይከላከላል። በግንባርና በጆሮ ዙሪያ ቫዝሊን ይቀቡ። ፀጉሩን በአራት ከፍለው ሽበቱ ከበረታበት ቦታ ይጀምሩ፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ያለው ዳር ነው። ቀለሙ መንካት ያለበት አዲስ የበቀለውን ሥር ብቻ ነው። በየወሩ እስከ ጫፍ የሚጎትቱት ሴቶች ጫፉ እየጠቆረና እየደረቀ ሄዶ ሲሰባበር ጥፋቱን በካርቶኑ ላይ ያሳብባሉ። የተረፈ ድብልቅ በተከደነ ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ጋዝ እየፈጠረ ጠርሙሱን ሊያፈነዳው ስለሚችል ወዲያውኑ ይደፋ። ቅንድብንና ሽፋሽፍትን ደግሞ በፀጉር ቀለም ፈጽሞ አይንኩ፤ ዓይንን እስከ ማሳወር የሚደርስ ጉዳት ያመጣል፤ ለቅንድብ እርሳስ ይበቃል። ፀጉርዎን በኬሚካል የሚያለሰልሱ ከሆነ፣ ማለስለሱ ይቅደም፤ ዘላቂው ቀለም ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይከተል።

ለመተው ከወሰኑ

የፀጉሩን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ለክተው ወሩን ያስሉ። ትከሻ የሚደርስ 30 ሴንቲ ሜትር ፀጉር ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣለት ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ይፈልጋል፤ ጥቅልል ፀጉር ደግሞ ከዚህም ቀስ ብሎ ያድጋል። ይህን ቁጥር አስቀድሞ ማወቅ ጠቃሚ ነው፤ በአምስተኛው ወር ተስፋ ቆርጠው ወደ ካርቶኑ የሚመለሱት አብዛኞቹ በሦስት ወር የሚያልቅ መስሏቸው የጀመሩት ናቸው።

መንገዶቹ ብዙ አይደሉም። ፈጣኑ አጭር መቆረጥ ነው፤ አራት አምስት ወር ጠብቀው፣ በቂ ነጭ ሲወጣ የተቀባውን ሁሉ ያስቆርጣሉ። አጭር ፀጉር ፊታቸውን የሚያሳምርላቸው ሴቶች ከዚህ የተሻለ አያገኙም፤ የማይወዱት ግን መስታወት ባዩ ቁጥር ስለሚቆጩ አልመክራቸውም። ሁለተኛው፣ ከተቀባው ፀጉር መሐል ቀጫጭን ክሮች እየተመረጡ እንዲፈዝዙ በማድረግ መስመሩን ማደብዘዝ ነው፤ ይህ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። የተቀባውን ሁሉ በአንድ ቀን አንጥቼ ነጭ አደርግልዎታለሁ የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎ ያመስግኑና ይውጡ፤ ለዓመታት የተከማቸ ጥቁር ቀለም በአንድ ቀን የሚወጣው ፀጉሩን ይዞ ነው። ሦስተኛው መታገሥ ነው፤ መስመሩን በሻሽ፣ በሹሩባ ወይም ፀጉሩን የሚከፍሉበትን ቦታ በመቀያየር እየሸፈኑ መቆየት። ሹሩባው ግን ጠብቆ አይሠራ፤ በዕድሜ የሳሳው የፊት ዳር ሲጎተት ይነቀላል፤ ለዓመታት ከተጎተተም መልሶ ላይበቅል ይችላል።

አስቸጋሪው ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ወር ያለው ነው። በእነዚያ ወራት የሚያገኝዎ ሰው ሁሉ «ምነው፣ አመመሽ እንዴ?» ይላል። ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግም፤ «መቀባት ትቼ ነው» ብሎ ወሬ መቀየር ይበቃል፤ ሰው ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ አይጠይቅም። በየወሩ በአንድ መስኮት አጠገብ፣ በአንድ ሰዓት ፎቶ ይነሡ፤ በየቀኑ የማይታይ ለውጥ በፎቶ ይታያል። ፊትዎ የገረጣ ከመሰለዎ፣ ፀጉርዎን ከመውቀስዎ በፊት በአንገትዎ ዙሪያ የሚያደርጉትን የልብስ ቀለም ይለውጡ፤ ከጥቁር ፀጉር ጋር ያምር የነበረው ቡናማና ግራጫ ከነጭ ፀጉር ጋር ይደበዝዛል፤ ደመቅ ያለ ሰማያዊ ወይም ቀይ ግን ፊቱን ያነሣዋል።

ነጭ ፀጉር የራሱ እንክብካቤ አለው። የራስ ቆዳ ወዝ ከዕድሜ ጋር ስለሚቀንስ ፀጉሩ ይደርቃል፤ ስለዚህ እጥበቱን ማራራቅና ኮንዲሽነር አለመዝለል ይረዳል። ፀሐይ፣ የሲጋራ ጭስ፣ የጋለ ብረትና ማዕድን የበዛበት ውኃ ነጩን ወደ ቢጫ ይለውጡታል። ለዚህ ሐምራዊ ቀለም ያለው ሻምፖ አለ፤ ሐምራዊ ቢጫን ስለሚያጠፋ በሳምንት አንድ ጊዜ ቢጠቀሙበት ንጣቱ ይመለሳል፤ ከተጻፈው ደቂቃ በላይ ካቆዩት ግን ፀጉሩ ራሱ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው፤ ስልክ ሳወራ ረስቼው ለአንድ ሳምንት በሻሽ ወጥቻለሁ።

ተዉት ማለት ግን አለቀ ማለት አይደለም። ከዓመት በኋላ ሐሳብዎን ቢለውጡ፣ በጥቂት እጥበት በሚለቀው ቀለም ይጀምሩ፤ የ48 ሰዓቱንም ሙከራ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚቀባ ሰው ሆነው ይድገሙት።